ያልጮኸው ጅራፍ

ሃምሳን የተሻገረ ሰው ልቡ ይለሰልሳል ሲባል እሰማለሁ። እኩዮቼ ተሰብስበን ስንጫወት አንዷ ትምህርቷን በማቋረጧ፣ ሌላዋ የማትወደውን ሰው በማግባቷ እንደምትጸጸት ትናገርና ተራው እኔ ጋ ይደርሳል። የኔ ጸጸት ለጨዋታ አይመችም። እኔ የምጸጸተው ይቅር በማለቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከቆቦ ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ማሳውን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነበር። የምንዘራው ደጋሊት የሚባለውን ረጅሙን ማሽላ ነው፤ ሲያድግ ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል። እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይወርድበታል፤ ግሪሳ ያረፈበት ማሳ ለባለቤቱ አገዳ ብቻ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ በየማሳው መሃል፣ ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ሰው ይቆማል። ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል። የኛን ማማ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጡቴ ገና ማጎጥጎጡ ቢሆንም ጅራፌን ከሩቅ የሰማ ወንድ ነው ይል ነበር።

በኋላ ከግሪሳ የባሰ መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ተባለና የቀበሌ ታጣቂዎች በየገበያው፣ በየመንገዱ ወጣት ማፈስ ጀመሩ። ወንዶቹ ቤት መዋል ትተው ማሽላ ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ የሜዳው ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሳይማማል አንድ ነገር ለመደ። ታጣቂ ያየ ባለማማ ጅራፉን ሁለት ሁለት ጊዜ እያከታተለ ያጮሃል። ለወፍ አንድ፣ ለሰው ሁለት። ቀጥሎ ያለው ማማ ይቀበለዋል፣ ከዚያም የሚቀጥለው፤ ታጣቂዎቹ ማሳው ጫፍ ሳይደርሱ ሜዳው ላይ አንድ ወጣት አይገኝም። እነሱ ወፍ እየተጠበቀ ይመስላቸዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ያጮሃል፤ የተጣላ እንኳ ለተጣላው ያጮሃል።

ታጣቂዎቹ የሚመጡበትን አስፋልት የሚያየው የመጀመሪያው ማማ የጎረቤታችን ነበር። ሰውየው እለዋለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ይበቃዋል።

በዚያ ጠዋት ወንድሜ ከማማዬ ሥር ተቀምጦ ጥንቅሽ እየላጠ ያኝካል። አገዳው ጣፋጭ ስለነበር እያካፈለኝ ያሾፍብኛል።

«አንች እንቅልፋም፣ ግሪሳው ጆሮሽ ላይ ሊያርፍ ነውኮ!»

ሁልጊዜ አብሮት የሚደበቀው የሰውየው ልጅ በዚያ ቀን አልነበረም። ዋጃ አክስቱ ዘንድ ሄዷል ተባለ። እኔ ያለሁበት ቦታ ዝቅ ያለ ስለሆነ መንገዱ አይታየኝም፤ ሰውየው ግን ማማው ላይ ቆሞ ይታየኛል። ወደ አስፋልቱ ተመለከተ። ከዚያ ዞሮ ወደ እኛ ተመለከተ። ጅራፉን ከትከሻው አወረደና ከማማው ቋሚ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም አሳዘነኝ።

ማሽላው ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት ታጣቂዎቹ አጠገባችን ከደረሱ በኋላ ነው። ጅራፌን አነሳሁ፤ ለማን እንደማጮኸው ግን አላወቅኩም። ወንድሜን የላጠውን ጥንቅሽ እንደያዘ ክንዱን ጠምዝዘው ወሰዱት። እናቴ እየጮኸች አስፋልቱ ጋ ስትደርስ የጫነው ኦራል መኪና ሄዷል። ሰውየውም ከማማው ወርዶ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» እያለ እናቴን ደግፎ ወደ ቤት አመጣት። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ነበር። ያንን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዓመት በላይ ጠበቅን። አንድ ቀን አብሮት የሰለጠነ የጎብዬ ልጅ እግሩን ቆስሎ መጣ። ከበራችን ቆሞ እናቴን ሲያያት እንባው ቀደመው፤ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ቀርቷል።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። ሰውየው ጋቢውን አጣፍቶ ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጧል። ልጁም ከጎኑ፣ ጤነኛ፣ ወፍራም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ያንን ልጅ አንድ ታጣቂ ነክቶት አያውቅም፤ ገበያ መሃል ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ይህን ሁሉ ስገጣጥም ከርሜ ነበርና ተነሳሁ። ሙሾ ማውረድ የልጅነት ችሎታዬ ነው። ፊቱ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦

ለወፍ ለወፉማ ጅራፍህ ይጮሃል፣
ለወንድሜ ጊዜ ምን ዝም አሰኝቶሃል?

ሰውየው መሬት መሬት አየ። የእናቴ ወንድም ተነስቶ ወጣ፤ ጠመንጃውን ሊያመጣ ነበር የሄደው። ሰዎች መንገድ ላይ ይዘው መለሱት፤ እሱ ግን ደሙን ሳልመልስ ጸጉሬን አልላጭም ብሎ ማለ። በኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የሰውየው ቤት ሰዎች ከጨለመ በኋላ ደጅ መውጣት ተዉ። ስለፈሩት እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅም።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሎች መጡ፤ ሸሆችም ቄስም ያሉበት። በእርቁ ሥርዓት በዳይ የሆነ ሰው መጀመሪያ በደሉን በአፉ መናገር አለበት። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ተናገረ።

«ታጣቂዎቹ የጅራፉን ምልክት ደርሰውበት ኖሮ ያንተን ልጅ ነው የምንወስደው አሉኝ። ካልሆነ ነገ ጠዋት ጅራፍህን ስቀልና ቁጭ በል አሉኝ። ቁጭ አልሁ።»

ቁጭ አልሁ። ይኸው ነው ያለው። አጎቴ ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማኛል። እናቴ ግን ተነስታ እግሩ ላይ ወደቀች፣ የበዳዩ ሳይሆን የገዛ ወንድሟ እግር ላይ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ፣ አንተን አልሰጥም። ወንድሜ፣ በአላህ ተውልኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ይቅርልኝ!»

አጎቴ አለቀሰና እሺ አለ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሽማግሎቹ አንዱ ግን ወደ እኔ በጣቱ አመለከተ።

«ጠመንጃውስ ታሰረ። የዝች ልጅ አፍ ካልታሰረ እርቁ አይጸናም። በየሰርጉ በየለቅሶው አንድ ነገር ጣል ባደረገች ቁጥር ደም ይነሳል።»

እውነቱን ነው። አልምልም አልኩ። እናቴ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። የሰውየውን ስም በሙሾ፣ በዘፈንም በሸንጎም ላልጠራ ማልኩ። ይቅር ብያለሁ አልኩ። በግ ታርዶ ከአንድ ገበታ በላን። ሰውየው ከፊቴ ሥጋ ቆርሶ «ብይ ልጄ» አለኝ፤ በላሁ። ጸጸቴ ያ ጉርሻ ነው።

እናቴን አልወቅሳትም። ወንድሟን አትርፋለች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። የተማርኩት ግን ይኸ ነው፦ ለሌላ ሰው ብለው የሰጡት ይቅርታ ሰጪው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሰውየው እርቁን እንደ ጋቢ ለብሶ ተከበረበት፤ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ሰው ማስታረቅ ጀመረ። ልጁ አግብቶ ወንድ ሲወልድ ደግሞ ሰውየው ምን አደረገ? የልጅ ልጁን በወንድሜ ስም ጠራው። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። አገሩ ሁሉ እንዴት ያለ ደግ ልብ ነው ብሎ መረቀው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ስም ከጎረቤት አጥር ወዲያ፣ በዚያ ቤት ድምፅ ሲጠራ ትሰማ ነበር። በሰማች ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ይቅር አላልኩትም።

ሰውየው አሁን አርጅቷል፤ ዓይኑም ጠፍቷል። በገበያ ቀን ሳልፍ በድምፄ ያውቀኛል።

«አንች ነሽ ልጄ? ዱዓዬ ካንች ጋር ነው።»

«ደህና ዋሉ» እለዋለሁ። መሐላዬ ነውና።

የወንድሜን ስም የያዘው የልጅ ልጁ ሮቢት መምህር ሆኗል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር ስለምጽፈው መጽሐፍ ይጠይቀኛል። አያቱ ጋዜጣም ሆነ መጽሐፍ ካልተነበበለት እንቅልፍ እንደማይወስደው የነገረኝ እሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ያነብለታል።

ይህን ስጽፍ መሐላዬን አልሰበርኩም። ሙሾ አይደለም፣ ዘፈን አይደለም፣ ሸንጎም አልቆምኩም። የማንንም ስም አልጠራሁም። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያውን ለመምህሩ እሰጠዋለሁ። መምህሩ ምን አጠፋ የሚል ይኖር ይሆናል። ወንድሜስ ምን አጠፋ? ለአያትህ አንብብለት፣ ስለ ማሽላ ጥበቃ ነው እለዋለሁ። ሰውየው ጅራፉን ወደሰቀለበት ቦታ ስትደርስ አያትህ ምናልባት በቃ፣ ደከመኝ ይልህ ይሆናል፤ አንተ ግን እንዳታቆም እለዋለሁ።