የአቶ ተክሉ ዝናብ ሳይለካ የቀረበት ቀን

ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት፣ የአየር መለኪያ ጣቢያውን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት አቶ ተክሉ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ መርዶውን የምነግራችሁ እኔ ጎረቤታቸው ዘርፌ ነኝ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ዝናብ መለኪያው ሲሄዱ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣቸው። ፊት ለፊት ባለው ሱቅ በረንዳ ላይ ከዝናቡ የተጠለሉት ሰዎች አይተው፣ «በመጨረሻ ዝናቡ ጠልፎ ጣላቸው!» ብለው ሳቁ። ሳቁ አለቀ፤ እሳቸው አልተነሱም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ቁጥር ያስለዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያውም በቴርሞሜትር። እንጦጦ ማርያም ልሳለም ስወጣ በመንገዴ አጥራቸው ሥር አርፍ ነበር። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥበትን፣ ጎኑ እንደ መስኮት መዝጊያ በቀጫጭን ጣውላ የተደረደረ ነጭ ሳጥን ከፍተው፣ «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ዛሬ የት ላይ ቆሟል?» ይሉኛል። አንድ ቀን፣ «መዝነቡን በስብሰን አይተናል፤ ደግሞ መለካቱ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«የዛሬውን እርስዎም ያውቁታል» አሉኝ። «የልጅ ልጅዎ ሲሸመግል ግን የያኔውን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ይፈልጋል። አንድ ቀን ብቻውን ወሬ ነው። ብዙ ዓመት ሲደረደር ነው አየሩ ምን እየሆነ እንደመጣ የሚታወቀው።»

የሰፈሩ ሰው «ነገ ይዘንባል ወይ?» እያለ ሲያሾፍባቸው፣ «እኔ የወረደውን ነው የማውቀው፤ የሚወርደውን የላዩን ጌታ ጠይቁ» ይሉ ነበር። ደግ ነበሩ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴት በብርድ ስትንቀጠቀጥ አይተው የሥራ ካፖርታቸውን አልብሰው ሰደዋት፣ ራሳቸው የማዳበሪያ ከረጢት ደርበው ከረሙ።

ጨካኝም ነበሩ፤ አልደብቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ የተከሉትን የኮክ ዛፍ፣ ጥላው ሳጥኑ ላይ ወደቀ ብለው ከነፍሬው ቆረጡት። ወይዘሮ በላይነሽ ሲሞቱም ሬሳው ሊወጣ ሲል ሦስት ሰዓት ሆነ። ሬሳውን አስቁመው ዝናቡን ሄደው ለክተው ተመለሱና ከሬሳው ኋላ ተከተሉ። ሰፈሩ ይህን አልማራቸውም። ልጃቸው ሰብለም ብዙ ዘመን ሰላምታ ነፍጋቸዋለች። ጉልበታቸው ሲደክም ግን መጥታ ሥራውን ለመደች።

ደግሞ አንድ በልግ ሰማዩ ጨርሶ ሲደርቅ፣ እትዬ ጥሩነሽ የምንላት ጎረቤታችን ዝናቡ እንዲመጣ ብላ ከእንጦጦ ያመጣችውን ጸበል መለኪያው ውስጥ ጨመረችበት። አቶ ተክሉ ውሃውን አዩት፤ አልተቆጡም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ይህ ከሰማይ የወረደ አይደለም» አሏት።

«ጸበል ከሰማይ ካልወረደ ከየት ሊወርድ ነው? ከቧንቧ?»

እኔ ሳቄን አፍኜ «በቃ ምንም አልዘነበም ብለው ይጻፉት» ብላቸው፣ «ሌሊት ትንሽ ካፊያ ጥሎ ቢሆንስ? የማላውቀውን አልገምትም» አሉና «አልተለካም» ብለው ጻፉ። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመሱም።

እንግዲህ እሳቸው ያረፉ ዕለት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡ። ዳገቱ ላይ ሜዳ ቦታ ያለው ጣቢያው ብቻ ነው። ያን ጧት አባቷ ሳይደርሱበት የቀሩትን ዝናብ ለክታ የደፋችው ሰብለ መለኪያው ፊት ቆመች።

«እዚህ አይሆንም፤ ነገ ጧት ይለካል። እባካችሁ፣ ጭቃውም ላይ ቢሆን እንቀመጣለን።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ደጀኔ፣ «እናትሽን አቁሞ የሄደው ለዚህች ቆርቆሮ አይደል? ዛሬ እሷ ትቆየው!» አላት። አንዱም «ተው» አላለውም። ድንኳኑን መለኪያው ላይ ተከሉት።

ሌሊቱን ዘነበ። ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰብለ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከለቀስተኛው መካከል ተነስታ መለኪያውን አየችው። ደረቅ ነበር። አቶ ደጀኔ ራራ መሰለኝ፣ «በይ አንቺ ልጅ፣ ይኸን ያህል ነው ብለሽ ጻፊ፤ ማን ይጠይቅሻል?» አላት።

«አልተለካም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወድቃ፣ «እማማ፣ የእናቴ ቀን እኮ ተለክቷል። የሳቸው ነው የቀረው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ለአባቷ ያለቀሰችው።

አቶ ተክሉ፣ ያ ዝናብ ንፋስ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚወርድ ዝናብ ነበር። ነጠላዬን አርሶ ትከሻዬ ድረስ ገባ። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ አልገምትልዎትም። ድንኳኑ ተነስቷል። ያ ድንጋይ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ማንም አላነሳውም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሰብለ ትወጣለች፤ እኔም አጥሩ ሥር ቆሜ እንዳትረግጠው እነግራታለሁ። እርስዎ ይረፉ።