እትዬ ቾችኪ

እናቴ ታላቅ ሰውን በባዶ ስሙ ከምትጠራ ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። በሰማንያዎቹ አሜሪካ፣ ሲያትል እኔ ዘንድ ስትመጣ ያስጨነቃት ብርዱም ዝናቡም አልነበረም። ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈራችን ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩትን አሮጊት ምን ብላ እንደምትጠራቸው አለማወቋ ነበር እንጂ።

አሮጊቷ በልጅነታቸው ከአውሮፓ የመጡ አይሁዳዊት ናቸው። መስኮታቸው ላይ የሸክላ ድመት፣ የብርጭቆ ዳክዬ፣ አንገቷ የተሰበረች የሸክላ ዳንሰኛ ሳትቀር ተደርድሯል፤ እሳቸው ከኋላ ቆመው መንገዱን ያያሉ። አንድ ቀን ልጃቸው መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ እናቴ አስቆመችው። ሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነውና በአገጯ ወደ መስኮቱ እያመለከተች «ኔም? ኔም?» አለችው። እሱ ዕቃዎቹን የጠየቀችው መስሎት ሳቀና «ቾችኪ» አላት።

በቃ፣ አሮጊቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ ቾችኪ» ሆኑ። እኔም የፈረንጅ ስም መቼም አያልቅ ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ በፊት ከሥራ ስመለስ እናቴን ጠዋት እንደተውኳት ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ ነበር የማገኛት። አንጀቴን ትበላኝ ነበር። አሁን ግን ማታ በር ስከፍት የለችም! እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ሲያወጉ ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ እትዬ ቾችኪ!» ስትል አሮጊቷ ከት ብለው ሲስቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

ያኔ ኖርዝጌት በሚባል ሰፈር የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። አለቃዬ አንድ ካርቶን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «እነዚህን ቾችኪዎች በቅናሽ ለሽያጭ አውጪያቸው» አለችኝ።

«ምኖቹን?»

«ቾችኪ! ከይዲሽ፣ ከአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ርካሽ፣ ለምንም የማይረባ የመደርደሪያ ጌጥ ማለት ነው።»

ክው አልኩ። በእኛ ቋንቋ ኮተት መሆኑ ነው። እናቴ፣ ያቺ ወግ አጥባቂ፣ የተከበሩ ባልቴትን «እትዬ ኮተት» እያለች ስትጠራ ከርማለች።

ብነግራት በሀፍረት ያንን ደጃፍ ዳግም አትረግጠውም። ዝም ብል ደግሞ አሮጊቷ አንድ ቀን ይቀየሙና እናቴ ያለቻትን አንዲት ጓደኛ ታጣለች። ቢቸግረኝ እናቴ ገላዋን ስትታጠብ ጠብቄ የአሮጊቷን በር አንኳኳሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናቴ ቾችኪ የምትልዎ ስምዎ መስሏት ነው። ዛሬውኑ አርማታለሁ» አልኳቸው።

ፈገግታቸው ጠፋ። «እንዳታደርጊው!» አሉ እጄን አፈፍ አድርገው። «ስሜ መስሏት እንደሆነማ፣ መጀመሪያ ስትጠራኝ ልጄ ነገሩ ገብቶት ነግሮኛል። በእኛ በአይሁዶቹ ዘንድ የምትወደድ ትንሽ ልጅም ቾችኪ ትባላለች። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ እናትሽ እስክትመጣ ድረስ ማንም በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።»

እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እሳቸውም እጄን አልለቀቁም።

ቤት ስገባ እናቴ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች «የት ሄደሽ ነው?» አለችኝ።

«እትዬ ቾችኪ ጋ» አልኳት።

«ጥለሽኝ?» ብላ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች።