ቴምብሮቹን ያጠብኩ ዕለት

ሊይዙኝ የመጡት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ነው። ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ጠባብ ክፍል ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ላሚኔሽን እሠራለሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ እየጠበቁ ቆመዋል። ከመጡት የጸጥታ ሰዎች አንዱ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው፤ ወረቀቱ ግማሽ ወጥቶ እዚያው ተሰነቀረ። እናትየዋ «ልጆቼ፣ የእኔን ወረቀት ብቻ ስጡኝ» ቢሉ የሰማቸው የለም። ማሽኑን ከነወረቀታቸው ጭነው ሄዱ። እስከ ዛሬ ከሁሉ አስቀድሞ ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው። እኔንስ ጠረጠሩኝ እንበል። የእሳቸው ልጅ መወለድ ምን በደላቸው?

ከሱቁ ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። ፍራሹን ገለበጡ፣ ዱቄት ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አልበሜን አገኙ። አልበሙን ያገኘው ሰውዬ ገልጦ አየና ለሌሎቹ በዓይኑ ጠቀሰ። ከዚያ በኋላ ፍተሻው ቆመ። የፈለጉትን ያገኙ መሰላቸው።

አልበሙ የቴምብር ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ቴምብር እሰበስባለሁ፤ የሰፈር ሰው በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምፈልጋቸው ደግሞ እንግሊዞች በሰው አገር በከፈቷቸው ፖስታ ቤቶች ይሸጧቸው የነበሩትን ነው። ድሮ ቱርክም ሞሮኮም ውስጥ እንግሊዝ የራሷ ፖስታ ቤቶች ነበሯት። ለእነሱ ብላ አዲስ ቴምብር በማሠራት አልደከመችም። የአገሯን ቴምብር ወስዳ በንጉሡ ሥዕል ላይ የቦታውን ስም ወይም የዚያን አገር ገንዘብ በጥቁር ቀለም አተመችበት፣ አለቀ። ሰው ቤት ገብቶ በሩ ላይ የራስን ስም እንደ መለጠፍ ነው። ያን የሚያህል ድፍረት ጥፍር በምታክል ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳይ ይገርመኛል፣ ያናድደኛልም። ለዚህ ነው የምሰበስባቸው።

ከአልበሙ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት ገጽ ነበረች። የሰጡኝ የሂርና ሽማግሌ ናቸው። አያታቸው ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ማዶ የሚልኩ ነጋዴ ስለነበሩ ቱርክ አገር ካለ ደንበኛቸው ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር። ፖስታዎቹ ከሳጥን ሳጥን ሲዘዋወሩ ኖረው እሳቸው እጅ ገቡ። አንድ ቀን መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ሱቄ መጥተው ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸውን ቴምብሮች አዩና «እንዲህ ዓይነት እኔም ቤት አለ» አሉኝ። አላመንኳቸውም። በሌላ ጊዜ ፖስታዎቹን በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጆቼ ዕቃ መጠቅለያ ያደርጉታል። የሚያውቀው ሰው ይያዘው» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ቴምብሮቹን ውሃ ሳላስነካ ከፖስታዎቹ ላይ ቆርጬ በአንድ ገጽ ደረደርኳቸው። ሐምራዊ ናቸው፤ ጢማሙ ንጉሥ ወደ ጎን ያያል፣ በላዩ ላይ «ሌቫንት» የሚል ጥቁር ጽሑፍ ታትሞበታል።

ያስገቡኝ መጋዘን ውስጥ ነው። እህል ይቀመጥበት እንደነበር ሽታው ይናገራል፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የማሽላ አቧራ እየተነሳ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሲመሽ የጭሮ ብርድ ከሲሚንቶው ወደ ወገብ ይወጣል። አጠገቤ የተኛው ሰው ከሚኤሶ የመጣ ግመል አርቢ ነበር፤ ሸምገል ያለ፣ ሽርጥ የታጠቀ።

«አንተ በምንድን ነው?» አለኝ።

«በቴምብር።»

«ቴምብር ማል? ምኑ? ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበና «እኔ በግመል ነው» አለ። «መንገድ ዘጋህ አሉኝ። የዘጋው ግመሉ ነው፣ እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ግመሉን ለቀቁት፣ እኔን ያዙኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ምርመራ ክፍል ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ «አንተ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እንድለው ይጠብቃል። አልበሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቁርስ የበላበትን እጁን ሳይታጠብ ገጾቹን ይገልጣል። ቴምብር በጣት አይነካም፤ ላብና ቅባት ጠላቶቹ ናቸውና በወረንጦ ነው የሚያዘው። የሱ አውራ ጣት አንድ ንጉሥ ላይ ሲያርፍ እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። ይህን አየብኝ።

«ይህን ማህተም በምን ማሽን ነው የምትመታው?»

«ማህተም አይደለም።»

«ሥዕሉ ላይ የተመታው ጥቁሩ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ቴምብሩን ያወጡት እንግሊዞች ራሳቸው ያተሙት ነው። እኔና አንተ ሳንወለድ።» አንተ አልኩት፤ አምልጦኝ አይደለም።

«ሌቫንት ማን ነው?»

«ቦታ ነው። ቱርክና ሶርያ አካባቢ።»

«ቱርክ ማን አለህ?»

እውነቱን ለመናገር ከየት እንደመጣበት ይገባኛል። እኛ አገር ወረቀት በማህተሙ ነው ነፍስ የሚኖረው። ማህተም ከሌለው ሞትህም አይታመንም፤ ካለው ደግሞ ውሸቱም እውነት ነው። እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው ሥዕል ላይ ያረፈ ጥቁር ጽሑፍ ሁሉ ማህተም ነው፤ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ መቺው ነው። ይገባኛል አልኩ እንጂ ይቅር አልኩ አላልኩም። ይህን እያሰብኩ ሳለ የመጀመሪያው ጥፊ አረፈብኝ።

የፈለገው ስም ነበር። «ያቀበለህን ሰው ስም ጥራ፣ አልበምህን ይዘህ ውጣ» አለኝ። አንድ ስም፣ ከዚያ ወደ ቤት። የሂርናው ሽማግሌ ዓይኔ ላይ መጡ። ስኳር አለባቸው፤ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም፤ ለሶላት ሲነሱ ሰው ይደግፋቸዋል። ስማቸው ከአፌ ከወጣ መኪና ወደ ሂርና ይወጣል፣ ሲመለስ እሳቸውን ጭኖ ነው፣ የሚተኙትም እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ እንደማይከርሙ አወቅሁ።

«ከገበያ ነው የገዛሁት። ሰውየውን አላውቀውም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው፣ ጥፊውም ያው ሆነ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። የተመታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ላልተመታ ቢነግሩት አይገባውም።

አንድ ቀን ስገባ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አየሁ። መርማሪው በራሱ የተደሰተ ይመስላል። «ዛሬ ሳይንስ ነው» አለኝ። «ማህተሙ ያንተ ከሆነ ውሃ ሲነካው ይለቃል። እንዳልከው የእንግሊዝ ከሆነ አይለቅም።»

የከፈተው የሂርናውን ገጽ ነው።

«እነዚህ ውሃ አይነካቸውም» አልኩት። «ቀለሙ ሆን ተብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሰው ያገለገለ ቴምብር አጥቦ መልሶ እንዳይለጥፍ ብለው ነው። የሚለቀው ንጉሡ ነው። ጥቁሩ ይቀራል።»

«አሃ፣ ገና ሳልነክረው ሰበብ ጀመርክ።»

አንዱን ከገጹ ገነጠለና ውሃው ውስጥ ከትቶ በአውራ ጣቱ አሸው። መጀመሪያ የንጉሡ ጢም ሄደ። ቀጥሎ ግንባሩ። የመርማሪው ጣት ሐምራዊ ሆነ፤ ነጭ ወረቀቱ ላይ «ሌቫንት» ብቻውን ቀረ። ቴምብሩ ቢጠፋም ልቤ ትንሽ ተነሳ። በገዛ ዓይኑ አየ፣ በገዛ ሕጉ ነፃ ወጣሁ፣ አልኩ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። «ስለዚህ ማህተሙ እውነተኛ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ፎርጅዱ ሥዕሉ ነው። እውነተኛውን ማህተም ማን ሰጠህ?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ጥፊው እንኳ እንደዚያ አላደረገኝም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ክፋት ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ይኼ ግን እንደተማረ ሰው «ሳይንስ» እያለ፣ ፈትኖ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ከዚያም ውጤቱን ረግጦት አለፈ።

ብድግ ማለቴን ሌላ ነገር አድርጎ ተረጎመው። «ለእነዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው?» አለና ሁለተኛውን በጥፍሩ ያዘ። «በል እንግዲህ። ስሙን እስክትነግረኝ አንድ በአንድ አጥባቸዋለሁ። አንተ ታያለህ።»

እውነት ለመናገር ስሙ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ለራሴ አይደለም፣ ለዚያች ገጽ። የእኔን ዕድሜ ሦስት እጥፍ የኖሩ ወረቀቶች ናቸው፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከባሕር ወደብ በግመል ጀርባ ተጉዘው የመጡ። እነሱን እስከሳሳሁላቸው ድረስ ገመዱ በሱ እጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ተው» አልኩት። «እኔ ላድርገው።»

የተሸነፍኩ መሰለውና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ወንበሩ ላይም ደገፍ አለ። እጄን በሸሚዜ ጠረግሁ። ወረንጦ ስላልነበረ በጥፍሬ፣ እንደ ደንቡ፣ ጠርዛቸው ሳይጎዳ አንድ በአንድ ከገጹ አላቀቅኋቸው። ውሃው ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛኋቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በራሴ አውራ ጣት፣ ንጉሡ ጠፍቶ እስኪያልቅ አሸሁት። አልቸኮልኩም። ውሃው ሐምራዊ ሆነ። ነጫጮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት።

«ጨርሻለሁ» አልኩት። «አሁን የምታጥበው የለህም።»

ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ ውሃውን ደረቴ ላይ ደፋውና ጠባቂውን ጠራ።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ የሚኤሶው ሰው ሸሚዜን አይቶ ተነሳ። «ደም ነው?»

«አይደለም፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው።»

ፊቴን ትንሽ አየና «ኦብሲ» አለኝ፤ ታገስ ማለቱ ነው። ሸሚዜን አስወልቆ ትርፍ ሽርጡን አለበሰኝ። የዚያን ዕለት አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

ስሙን ሳያገኙ ቀሩ። አንድ ማለዳ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ «ውጣ» ተባልኩ። አልበሙንም ሰጡኝ፤ ለእነሱ ዋጋ አልነበረውም።

በወጣሁ በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሂርና ሄድኩ። ሽማግሌው በራቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ቴምብሮቹን ማጠቤንም አልደበቅኩም። ምስጋና አልጠበቅኩም ብል እዋሻለሁ። ጥቂት ጠብቄያለሁ።

«ስሜን ለምን አልነገርካቸውም?» አሉኝ።

«እንዳይይዙዎት ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ምን አድርጌ ነው የሚይዙኝ? የሚደበቀው የሌባ ስም ነው። እኔ ሌባ ነኝ?»

«ኧረ አይደሉም።»

«ታዲያ? የአያቴ ደብዳቤ ነው፣ ሐላል ነው። ብትጠራኝ እመጣ ነበር። ቆሜ እነግራቸው ነበር።»

«አይሰሙዎትም ነበር እኮ።»

«አይስሙ። መስማት የነሱ ነው፣ መናገር የኔ ነው።» ምርኩዛቸው መሬቱን መታ። የተቆጡት በእኔ ነው። ልጃቸው ያመጣችው ሻይ ሁለታችንም ሳንጠጣው ቀዘቀዘ። ቆይተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

«ቴምብሩ ይቅር፣ ወረቀት ነው። ያንተ ነገር ግን ረቢ ይቁጠርልህ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ይህን ለሰው ስታወራ ስሜን ጥራ። እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ የሂርና ሰው፣ የአያቱን ዕቃ ሰጠኝ በል። አትደብቀኝ። እሺ?»

«እሺ» አልኳቸው።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ በሳቸው ስናደድ መጣሁ። ጥፊ የበላሁት ለማን ሆኖ ነው፣ እያልኩ። ጭሮ ስደርስ ንዴቱ ከሳቸው ላይ ወርዶ ወደ ባለቤቶቹ፣ ወደ ያዙኝ ሰዎች፣ ሄደ። እሳቸው ልክ ናቸው። ለቴምብሮቹ አዝኜ ጨርሻለሁ፤ ጥፊውም ድኗል። ያልዳነው፣ የንጹሕ ሰውን ስም እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ደብቄ እንድይዝ ማድረጋቸው ነው። ኬላ አልፎ የገባ ዕቃ አንድ ቀን በገሃድ ይሸጣል፤ ይኼኛው ስም ግን ከደበቅኩበት አልወጣልኝም።

ሽማግሌው አሁንም በሕይወት አሉ። እኔም አሁንም ጭሮ ነኝ፣ ሱቄም እዚያው ነው፣ የያዙኝም ሰዎች በደጄ ያልፋሉ። እሺ ብያቸው ነበር። ይኸው ነገሩን ሁሉ ጻፍኩት፤ ስማቸውን ግን አልጻፍኩም።