በአንድ እጅ የሚለበስ ሸሚዝ

ሰው ሁሉ እትዬ መርፌ ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚል አለ፤ ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚልም አለ። እሷ ሁለቱንም ስትሰማ ትስቃለች። የስፌት ቤቷ ከደረጃ ሥር የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በሌላው የመተኮሻ ጠረጴዛዋ። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ለወግ ነው። የሰፋችው ልብስ ለማስተካከያ ተመልሶ አያውቅም። በዚህ ትኮራለች፤ ኩራቱም ያምርባታል።

ታላቅ ወንድሟ የሠርግ ዘፋኝ ነበር። ስንቷን ሙሽራ በድምፁ አጅቦ ከእናቷ ቤት አስወጥቷል። ዐምና ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ክርኑ ላይ እንደታጠፈ ደርቆ ቀረ። ድምፁ ተረፈለት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ግን ተራራ ሆነበት። አሁን የገዛ ልጁ ልታገባ ነው፣ እሱ ደግሞ አሻፈረኝ አለ።

«በልጄ ሠርግ እንደ ሕፃን ሰው አልብሶኝማ አልወጣም! ራሴ ከለበስኩ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ እዚሁ ቁጭ ብዬ እመርቃታለሁ።»

«አቤት ኩራት! ከማን ወረስከው ወንድም ጋሼ?»

«ካንቺ ነዋ!»

እትዬ መርፌ ከዚያ ወዲያ እጇ ሥራ እንቢ አላት። በጭንቅላቷ ውስጥ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ሰፊ አንገት፣ ማግኔት፣ ሁሉም ከጠረጴዛ ሥር እንደተጠረገ ቁርጥራጭ ተከምሯል፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ይኼን ያየች ሙሽራዋ ስልኳ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጫነችላት።

«ዝም ብለሽ አውሪው አክስቴ። የተዘበራረቀውን መልክ ያስይዝልሻል።»

«ከስልክ ጋር ሳወራ ሰው ቢሰማኝ አበደች አይለኝም?»

«እስከዛሬስ ከስፌት መኪናሽ ጋር ስታወሪ ማን ምን አለሽ?»

እትዬ መርፌ ያላትን ሁሉ ዘረገፈች። ስልኩ ለመመለስ አልቸኮለም፤ መጀመሪያ ጠየቀ። የሚሠራው የትኛው እጃቸው ነው? የሚለብሱት ቆመው ነው ተቀምጠው? ልባቸው ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? ካለ ማግኔት አደገኛ ነውና ሐኪማቸውን ይጠይቁ አላት።

ወንድሟ ይኼን ሲሰማ ሳቀ። «በልቤ ውስጥ ያለው ዘፈን ብቻ ነው በይው።» ሐኪሙም መሣሪያ እንደሌለው አረጋገጠላት።

ከዚያ ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ተራ ይዞ ተመለሰላት። አሮጌ ሸሚዝ ሲለብሱ ቁጭ ብለው ይዩዋቸው፤ ከማይረባ ጨርቅ መሞከሪያ ይስፉ፤ ያስቸገራቸውን ብቻ ያስተካክሉ፤ ጥሩውን ጨርቅ መጨረሻ ላይ ይቁረጡ።

«መሞከሪያ? እኔ?» አለች ከንፈሯን ጣል አድርጋ። ግራ እጇን በሜትሩ ከወገቧ ጋር አስራ መስታወት ፊት ቆመች፤ ቁልፎቹን በማግኔት የተካችለትን አሮጌ ሸሚዝ በአንድ እጇ ለበሰች፤ እልል አለች። ወዲያው ለሠርጉ የተገዛውን ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ሰፋችው።

ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሞከረው። እጅጌው የደረቀው ክርኑ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ የጀርባው ጫፍ ሥሩ ገብቶ ተቀመጠበት። ታገለ፣ አላበው፣ ተወው።

«ይቅር እህት ዓለሜ። ቪዲዮውን አያለሁ።»

እትዬ መርፌ ወደ ደረጃዋ ሥር ተመልሳ የሆነውን ሳትደብቅ ለስልኩ ነገረችው። አልወቀሳትም፣ አላባበላትምም። እጅጌው የት ላይ ቆመ? ያስቀደሙት የትኛውን እጅ ነው? አላት።

አታውቀውም። እሱ ሲሞክረው ሸሚዙን እንጂ ወንድሟን አላየችም ነበር።

በማግስቱ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። የታመመውን እጅ እንደ እንግዳ ሲያስቀድመው፣ ጨርቁን በጥርሱ ሲይዝ፣ ዳሌውን ከፍ ሲያደርግ፣ ዝም ብላ አየችው። ያየችውን ተናገረች፤ ዕቅዱም እንደገና ተሰደረ። የታመመው እጅ እጅጌ ከብብት እስከ አንጓ ተከፍቶ በማግኔት ይዘጋ፤ የጀርባው ጫፍ አጠር ይበል። ማግኔቱን ከሥር ደብቃ ከላይ የሚያማምሩ ቁልፎች ለጌጥ መስፋቱ የራሷ ሐሳብ ነበር።

መሞከሪያውን ከአበባማ አንሶላ ሰፋችው።

«አልጋ መሰልኩ እኮ!»

«ዝም በልና ልበስ!»

ለበሰው። ብብቱ ጋ ትንሽ ያዘው፤ ሰፋ አደረገችለት። ደግሞ ለበሰው፤ በዚህኛው ጊዜ በጥርሱ ሳይይዝ። ያኔ ነው አዲስ ነጭ ጨርቅ የገዛችው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የክፍሉ በር ከውስጥ ተዘጋ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ፣ አክስቷ ሜትሯን ጨብጣ ውጪ ቆሙ። የእትዬ መርፌ እጅ ወደ በሩ እጀታ እየሄደ ይመለሳል። ከውስጥ ኮሽታ፣ ደግሞ እፎይታ። ቀጥሎ ያ የዘፋኝ ድምፅ፣ ከታመመ ወዲህ ማንም ያልሰማው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ፦

«አንድ እጄ ቢያኮርፍ አንዱ አይተወኝም፣
እህቴ እያለችኝ ሰው አያለብሰኝም።»

በሩ ተከፈተ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ እንደ ንጋት ነጥቶ፣ ቁልፎቹ ተሰልፈው፣ ኮሌታው ብቻ በአንድ በኩል ተጣሞ። ልጁ እያለቀሰች ልታቃናለት እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!» አለ አንገቱን ቀና አድርጎ። «የራሴ ሥራ ነው።»

በሕይወቷ ጠማማ ኮሌታ አይታ የማታልፈው እትዬ መርፌ መንገዱን ለቀቀችለት።