የማናለኝ ድርሻ

አያ ዋሴን ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው የለም ብል ውሸት አይሆንብኝም። አጥራችን አንድ ነው። እዚህ እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ሽቅብ ወደ ጉና በኩል፣ ገብስ እየዘራን በግ እያረባን በምንኖርበት ሰፈር እሳቸው ሲያስሉ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ባሌን ስቆጣ እሳቸው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

ሥራቸው እንደማናችንም እርሻ ነው። የሰፈሩ ቢላዋ ግን እሳቸው እጅ ነው። ለገናም ለፋሲካም ለክርስትናም፣ ባል የሞተባት፣ ባል ኖሯትም እንደኔው ሙላው ደም ሲያይ ፊቱን የሚያዞር የደረሳት ሁሉ አያ ዋሴን ታስጠራለች። እሳቸውም ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ከች ይላሉ። ከኋላቸው ማናለኝ አለች።

ማናለኝ ውሻቸው ናት። ስሟን ያወጣችላት ሚስታቸው የሺ ነበረች። ልጅ አልወለዱም። የሺ ቡችላዋን ከገበያ መንገድ ዳር አንስታ፣ በነጠላዋ አቅፋ መጣችና "ካንቺ ሌላ ማን አለኝ" አለቻት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

በእኛ ሰፈር የበግ ጭንቅላት የሚበላ የለም። አያ ዋሴ ያረዱበት ቤት ሁሉ ጭንቅላቱ የማናለኝ ድርሻ ነው፤ ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ከጉበቱም ውሃ የቋጠረ ነገር ከተገኘ ቆርጠው ይጨምሩላታል። እሷም ቆዳው ተገፎ እስኪያልቅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ አጠገቧ ሥጋ ቢቀመጥ ሳይሰጧት አትነካም። ልጆቼ የእሷ ጨዋነት ግማሹ ቢኖራቸው ምን ነበረበት።

የሺ ካቻምና ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። ባሏን ጠራችና "ዋሴ፣ አደራህን፤ የማናለኝን ድርሻ እንዳታስቀርባት" አለቻቸው። ስለ መሬቱ አላነሣችም፣ ስለ ተዝካሯ አላነሣችም። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከአያ ዋሴ ቤት ጭስ ወጥቶ አያውቅም። ምድጃው ቀዝቅዞ ቀረ፣ የየሺ ድስት እንደተደፋ ቀረ። ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ፣ እኔ በአገልግል የላክሁላቸውን ይቀምሳሉ።

"አያ ዋሴ፣ ሽሮ ቢጤ እንኳ ለራስዎ ጣል አያደርጉም?" እላቸዋለሁ።

"ለማን ብዬ፣ የኔነሽ?" ይሉኛል። ተናድጄ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ በጎቻችንን አዙሪት ያዛቸው። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ባለበት ይዞራል፣ ይዞራል። ሣር አይግጥም፣ ከመንጋው ይቀራል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ከእኛ በጎች እርጉዟ ቀድማ ሄደች። ሁለተኛዋ መዞር ስትጀምር ሙላው አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንዳትዞር ራሷን በሁለት እጁ ይዞላት አየሁት። አንጀቴን በላው።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትዝታ የምትባለው የከብት ሐኪም ሰፈሩን ሰብስባ አስተማረችን። ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። ነገሩ እንዲህ ነው አለች፤ ውሻ የታመመ በግ ጭንቅላት ሲበላ ሆዱ ውስጥ ኮሶ ትል ያድጋል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ያን ሣር ሲግጥ ትሉ አንጎሉ ውስጥ ውሃ ይቋጥርበታል፤ የሚያዞረው እሱ ነው። "ስለዚህ" ብላ ሳትጨርስ ወንዶቹ "ለካ ውሻ ነው" እያሉ ተነሡ። የእኛ ሰው ስብሰባ የሚሰማው ግማሹን ነው፤ ያንን ግማሽ ይዞ ቤት የገባው ደግሞ ባሌ ነው።

"ማናለኝ ትገደላለች" አለኝ። "የማንን በግ ጭንቅላት ነው ያልበላችው?"

"የኛን በግ ጭንቅላት የሰጣት ማን ሆነና?" አልኩት።

 እሱ ገመዱን ከግድግዳው አወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ሄደ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አያ ዋሴ የተዘጋ በራቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"አትግቡ" አሉ። "ማናለኝ ኮሶ ጠጥታለች።"

የዛሬ ልጆች ይህን ላያውቁ ይችላሉ። ድሮ ክኒን ሳይመጣ፣ ኮሶ ትል የያዘው ሰው የኮሶ አበባ ወቅጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ያን ቀን ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ ዳኛም ቢሆን አይጠራውም፣ እንግዳም አያንኳኳበትም። አያ ዋሴ ስብሰባው ላይ "ኮሶ ትል" የሚለውን ሲሰሙ የታያቸው ይኸው የሰው መድኃኒት ነው። የሺ አድርቃ ጣሪያ ሥር የሰቀለችውን አበባ አውርደው፣ ወቅጠው፣ ለአንድ ጎልማሳ የሚበቃውን ያህል ግተዋታል።

ሙላው ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ኮሶ የጠጣን ሰው ማስነሣት ነውር ነው፤ ውሻ ስትሆን ግን ምን እንደሚደረግ ማንም አልነገረውም። ይሳቅ ይቆጣ ቸገረው። "እስክትነሣ ነው" ብሎ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ።

እኔ አልተመለስኩም። ከውስጥ የማስመለስ ድምፅ ሰማሁና በሩን ገፋሁት። ማናለኝ መሬት ላይ ተዘርራለች፣ አፏ አረፋ ይዟል፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። አያ ዋሴ ተከትለውኝ ገብተው ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ገደልኳት፣ የኔነሽ" አሉኝ። "እነሱ ሳይገድሏት እኔው ገደልኳት።"

በየሺ ቀብር ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው የቆሙት ሰው እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። እኔ ውሻ አልወድም፤ አልደብቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ስሮጥ ግን ስለቴን ሁሉ ለማናለኝ እየተሳልኩ ነበር።

ትዝታ መጣች። እኔ ብሆን እቆጣቸው ነበር፤ እሷ አልተቆጣቻቸውም። "አባቴ፣ ኮሶው የተመጠነው ለሰው ነው፤ ለእሷ በዝቶባታል" አለቻቸው። መርፌ ወጋቻት፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያጠጧት አሳየቻቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማናለኝ ጅራቷን ነቅነቅ አደረገች። አያ ዋሴ የሐኪሟን እጅ ይዘው ሳሙ፤ ልጅቷ ደንግጣ ልትነጥቃቸው ሞከረች።

ስታገግም ትዝታ ተመልሳ መጣችና በጆንያ አንጠልጥላ መዘነቻት። በክብደቷ ልክ የውሻ ክኒን አዋጠቻት። "ጥቂት ቀን ታስራ ትቆይ፤ ኩሷን ቆፍራችሁ ቅበሩት። እሷን የነካ እጁን ሳይታጠብ ምግብ እንዳይነካ፤ ለልጆችም ይተርፋል። ክኒኑን ደግሞ በየሦስት ወሩ ትወስዳለች፤ እሷ ብቻ ሳትሆን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ።"

ሙላው አጥሩን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። "ብትገደል አይገላግልም?" አላት።

"ብትገድላት ሌላ ውሻ ይመጣል፤ ያንኑ ጭንቅላት ይበላል" አለችው። ከዚያ ወደ አያ ዋሴ ዞረች። "ክኒኑ ግን ጥሬ ጭንቅላትና ጥሬ ጉበት ከበላች ከንቱ ነው፣ አባቴ። ትሉ ይመለሳል። ጭንቅላቱ ጠልቆ ይቀበራል ወይ ይቃጠላል፤ ለውሻ የሚሰጥ ሥጋ ደህና አድርጎ የበሰለ መሆን አለበት።"

የአያ ዋሴ ፊት ጠቆረ። "እሱን አልችልም፣ ልጄ። አደራ አለብኝ።"

"እንግዲያው እኔም ልናገር" አለ ሙላው። "አያ ዋሴ፣ አይቀየሙኝ። ለፋሲካ ጭንቅላት ስትበላ ካየኋት በዚህ እጄ ነው የምገድላት። የልጆቼ ጉሮሮ በጎቹ ናቸው።"

ባሌ የማይሆነውን አይናገርም። አያ ዋሴም ያውቁታል።

ጾሙ ገባ፤ ለማናለኝ ደግ ሆነላት። ቢላዋ የለም፣ ጭንቅላት የለም። ፀጉሯ ለሰለሰ፣ አጥንቷ ተሸፈነ፣ መቀመጫዋን መሬት ለመሬት መጎተቷን ተወች። የከሱት አያ ዋሴ ናቸው። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆመው "የኔነሽ፣ የሞተ ሰው አደራ እንዴት ይፈታል?" አሉኝ።

"ቄሱን ይጠይቋቸው" አልኩ።

"ቄሱ ስለ ማናለኝ ምን ያውቃሉ" አሉ።

የፋሲካ ጠዋት መጀመሪያ የታረደው የእኛ በግ ነው። አያ ዋሴ በስመ አብ ብለው አረዱ። ሙላው እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ፤ ዱላው ግን በእጁ ነበር። ቆዳው ተገፎ አለቀ። ማናለኝ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። አያ ዋሴ ጭንቅላቱን ሲያነሱት ጅራቷን እየቆላች ተነሣች።

"የሺ" አሉ ቀስ ብለው። አጠገቧን አልፈው ወደ ጓሮ ሄዱ። ለካ ከዋዜማው ጉድጓድ ቆፍረው ኖሯል። ጭንቅላቱን ከተቱት፣ አፈር መለሱበት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ማናለኝ ተከትላቸው ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችና ሽቅብ ታያቸው ጀመር። ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ቤት ገባሁ።

"ሙላው፣ ከሥጋው ትንሽ ትሰጠኛለህ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ሙላው ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሙሉ ወርቹን ቆርጦ ሰጣቸው።

ጥቂት ቆይቼ ውሃ ልደፋ ብወጣ ከአያ ዋሴ ጣሪያ ላይ ጭስ ይትጎለጎላል። ቤቱ ተቃጠለ ብዬ ሮጥኩ። አያ ዋሴ ምድጃው ሥር ተንበርክከው፣ ዓይናቸው በጭስ ቀልቶ፣ እሳት እፍ ይላሉ። የየሺ ድስት ተጥዷል። ማናለኝ ደፉ ላይ ተቀምጣለች።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"ድርሻዋን እየቀቀልኩ" አሉ። "የሺ ድርሻዋን አታስቀርባት አለች እንጂ ጥሬውን አላለችም።"

ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። "ጨው አድርገውበታል?" አልኩ፣ እንዳይታወቅብኝ።

"ለውሻ ጨው ምን ይሠራል?"

"ለእርስዎ ነዋ፣ አያ ዋሴ።"

የእሷን አወጡ፣ አቀዝቅዘው በእጃቸው ሰጧት፣ እጃቸውን ታጠቡ። በቀረው ላይ ጨውና ቃሪያ ጣል አደረግሁበት፤ ድስቱን ጭናቸው መካከል አድርገው በሉ።

ከዚያ ወዲህ ከአያ ዋሴ ቤት ጭስ ሳይወጣ የዋለበት ቀን የለም። የማናለኝን ሲያበስሉ የራሳቸውንም ያበስላሉ። የምልከው አገልግል ሳይነካ እየተመለሰ ነው፤ አሁን ደግሞ የምቆጣቸው በዚህ ነው።