የታች ጥርሶቿ

ይህን ለባለቤቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። ለእነርሱ የነገርኳቸው ሌላ ነበር፤ "ተሳሳትኩ" ነበር ያልኩት። አንባቢ ሆይ፣ ያ ሐሰት ነው።

አምቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የነጻ ሕክምና ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ አገልግያለሁ። ሥራዬን አከብር ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። ከጉደርም ሆነ ከጌዶ የሚመጣ ችግረኛ ሕመምተኛ የሚያልፈው በእኔ መስኮት ነበር። መታወቂያ የሌለው ሰው እንኳ ካርዱ ላይ "አስቸኳይ" ብዬ ከጻፍኩለት ሐኪም ዘንድ ይገባል። ያን ቃል የመጻፍ ሥልጣን የእኔ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ኛማል የምትባል የደቡብ ሱዳን ስደተኛ መጣች። ጋምቤላ ካለው የስደተኞች መጠለያ ወጥታ በከተማችን መምህርነት ትማር ነበር። ጉንጯን በሻርፕ አስራለች። "ጋሼ፣ ጥርሴ አላስተኛኝ አለ" አለችኝ። አፏን ስትከፍት የታች የፊት ጥርሶቿ የሉም።

እኔም ወረፋው እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አንቺ ልጅ፣ የሌለ ጥርስ እንዴት ያማል? ሌላ ቦታ አስነቅለሽ እኛ እንድንተክልልሽ ነው የመጣሽው?" አልኳት። ሰዉ ሳቀ። ዘበኛው "ኦቦ ግርማ፣ እርስዎ ደግሞ!" እያለ ሆዱን ያዘ።

ኛማል አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ጣቷን ባዶው ድድ ላይ አሳረፈች።

"ያኛው የአገሬ ወግ ነው። በልጅነት ይነቀላል።" ከዚያ ጣቷን ወደ መንጋጋዋ ወሰደች። "ይሄኛው ሕመም ነው።"

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ አለ? እኔ፣ የሰው ደብዳቤ ሳርም የኖርኩ ሰው፣ አልገባኝም ልል ነው? ገባኝ። እብጠቱንም አየሁት። ነገር ግን ሰዉ ገና እየሳቀ ነበር፤ "አስቸኳይ" ብዬ ብጽፍ ሳቁ ወደ እኔ ይዞራል። "ስደተኛ የሚታከመው በመጠለያው ነው። ቀጣይ!" አልኩ። መጠለያው ከአምቦ ምን ያህል እንደሚርቅ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

መግሉ ወደ አንገቷ ወረደ። የክፍል ጓደኞቿ ደግፈው አዲስ አበባ አደረሷት። ተረፈች፤ አፏ ግን ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። በንግግር ልትኖር መምህርነት የተማረች ልጅ ናት።

የሥራ ባልደረቦቼ "ወጋቸውን ባለማወቅ ነው፣ ኦቦ ግርማ፤ እርስዎ ምን ያድርጉ?" አሉኝ። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። በጡረታዬ ሲሸኙኝም "ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሥራ ነው" ብለው አጨበጨቡልኝ። እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ።

ከጡረታ በኋላ መናኸሪያ ውስጥ አገኘኋት። "የእናንተን ወግ አላውቅም ነበርና…" ብዬ ጀመርኩ። እርሷም ባልተላቀቀው መንጋጋዋ፣ "ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ" ብላኝ ወደ ባኮ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ገባች።

ስለዚህ እኔን ለማጽናናት አትድከሙ። ሕግ አላስገደደኝም፤ አለቃ አላዘዘኝም፤ ወጉንም ራሷ ነግራኛለች። ይቅርታ የምለምን ከሆነ የምለምነው እርሷን ነው፤ እርሷም የመስጠት ግዴታ የለባትም። እናንተ ግን "ተሳስቶ ነው" አትበሉልኝ። አልተሳሳትኩም። ሰምቻታለሁ።