ሸምሰዲን ወደ ማጂ መንገድ ሲመለስ

ሸምሰዲን የፖርቶመጋላውን ገመድ ቋጠረ፣ ሳበ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ። ሸራው ከተወጠረ ቆይቷል። ከስር ያሉት የጨርቅ ጥቅሎች ቢገፏቸውም አይነቃነቁም። እሱ ግን አባዱላው ጣራ ላይ ተንበርክኮ መዳፉ እስኪቀላ ገመድ ያጠብቃል። እኔ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ፍርሃት የያዘው ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ያጣል።

የልጄ ልጅ ነው። እናቱ ገና ድክ ድክ ሲል ስለሞተች እዚሁ ሰበታ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አባቱ ሱቁን እንዲይዝለት ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ግን ባንኮኒ ኋላ ሲቆም ያዛጋዋል፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ይነቃል። ከሰበታ አየር ጤና በሚመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ በኋላም ከሸሪኩ ከጉታ ጋር እኩል አዋጥተው ይህን አባዱላ ገዙ። ጉታ ቡራዩ ተቀምጦ ነጋዴና ጭነት ይፈልጋል፣ ሸምሱ ይነዳል። በጅማ አድርጎ፣ ሚዛንን አልፎ፣ ወደ ማጂ። እዚያ ማዶ መኪና ቢቆምብህ ሌላ መኪና እስኪመጣ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ነው ይለኛል።

ክረምቱ ሲገባ በዚያ መንገድ ወንዝ መሃል ደራሽ ውሃ ያዘው። ተሳፋሪዎቹ በገመድ እየተሳቡ ወጡ። እሱ የመጨረሻው ነበር፤ ውሃው በመስኮት ሲገባ ጣራው ላይ ሆኖ አይቶታል። ሰው አልሞተም፣ አልሃምዱሊላህ። መኪናው ተጎትቶ ወጥቶ ጋራዥ ከረመ፤ ሸምሱም ቤት ከረመ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጉርሻውን ትቶ ይነሳ ነበር።

አሁን መንገዱ ደርቋል ተባለ። በዚህ ሳምንት ሁለቴ ተነሳ፣ ሁለቴም ከሰፈራችን ሳይወጣ ተመለሰ። ምክንያቱ ጀሪካን ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ ማልዶ ሲወጣ ውሃ የሞላ ዕቃ የያዘ ሰው ካገኘ ገዱ ቀና ይባላል፤ ባዶ ዕቃ ከገጠመው ግን ይመለሳል። ሰበታ ላይ ደግሞ ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ሰው ሁሉ ማልዶ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። ሸምሱ መስኮት አውርዶ ጎረቤታችንን ማሪቱን «ገደ ቢስ!» ብሎ ሰደባት። እሷም አልማረችውም። «ገድ ካማረህ ቧንቧዬን ክፈትልኝ!» አለችው።

ዛሬ ጉታ ራሱ ከቡራዩ መጣ።

«አከም ቡልተን፣ አኮ» ብሎ እንደ አያቱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ወደ ጣራው ቀና ሲል ግን ፊቱ ጠቆረ። «አንተ! ዛሬስ ማን ሊመልስህ ነው? ጀሪካን ነው ባልዲ?»

«ጭነት እያሰርኩ ነው።»

«መኪናውን ልታንቀው ነው? ነጋዴው በየሰዓቱ ይሰድበኛል። በዚህ ሰፈር ሙሉ ጀሪካን የሚጠብቅ ሹፌር ጡረታ ይውጣ!»

የሸምሱ ሚስት ራያ ከቤት ወጣች። «ኦቦ ጉታ፣ ያን ዕለት ውሃው ሲመጣ እርስዎ የት ነበሩ? አልጋዎ ላይ!»

«አልጋዬ ላይ ብሆንም መኪናው እኩሌታው የኔ ነው። ዛሬ ካልወጣ ቁልፉን ለኤርምያስ እሰጠዋለሁ። ሹፌር ሞልቷል።»

ሸምሱ ከጣራው ወረደ። ቁልፉን በኪሱ ጨበጠ። እኔ እንዳይሄድብኝ እፈልጋለሁ። ቁልፉ ከእጁ ከወጣ ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሲደነግጥ የሚኖር ሰው ሊሆንብኝ ነው። መንገዱንም ጠላሁ፣ ጉታንም ጠላሁ።

ራያ ገብታ ማታ ከጋሪ የገዛነውን ሙሉ ጀሪካን እየጎተተች አወጣችና መኪናው ፊት ዱብ አደረገችው።

«ይኸው ሙሉ! ከፈራህ ፈራሁ በል እንጂ የሰፈሩን ሴት አትስደብ!»

ጉታ ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም።

«ፈርቻለሁ» አለ ሸምሱ ወደ ጉታ ዞሮ። «ያኔም ፈርቼ ነበር። ደውዬ ውሃው አላማረኝም ስልህ ምን አልከኝ?»

ጉታ ሳቁን ዋጠው።

«‹ገበያው ሊያመልጥ ነው፣ እለፍ፣ ወንድ አይደለህም?› አልከኝ። ነጋዴዎቹም ከኋላዬ ጮኹብኝ። ገባሁ። ካሁን በኋላ ውሃ ካየሁ ዳሩ ላይ አድራለሁ። ብትደውልም አላነሳም። ካልተስማማህ እንካ፣ ቁልፍህ።»

እጁን ዘረጋ። ቁልፎቹ መዳፉ ላይ ናቸው፤ እጁን አላጠፈውም።

ጉታ ቁልፉን አየ። ኤርምያስ ያን መንገድ ረግጦት እንደማያውቅ ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

«እደር! ከፈለግህ ጎጆ ቀልስበት!» አለና ምራቁን ተፋ። «ዴሚ! ሂድ በቃ!»

ሸምሱ ቢስሚላህ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ጉታን ሳይሰናበተው ወጣ። እኔም ጉታን ለቁርስ ግባ አላልኩትም።

ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ ከሚዛን ወዲያ የምትነግዱም የምትሳፈሩም አላችሁ። ሹፌራችሁ ወንዝ ዳር መኪናውን አቁሞ ውሃውን ዝም ብሎ ካየ፣ እባካችሁ አትጩኹበት። ገበያውን አታንሱበት። ወርዳችሁ ከጎኑ ቁሙና «እንደር» በሉት።